ከኀዘንተኛ ደጅ የተከለከለ ጸጸት

የሰው ልጅ በኅሊናው ከሚሸከማቸው ሸክሞች ሁሉ እንደ ጸጸት ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሣ፥ ምንነቱ ግን ጥቂት ብቻ የሚመረመር ያለ አይመስለኝም። መምህራን በዐውደ ምሕረት፥ ዳኞች በችሎት፥ ሽማግሎች በዋርካ ሥር ያነሡታል፤ እናት ልጇን ስትቈጣ፥ ወዳጅም ወዳጁን ሲወቅስ «አይጸጽትህም ወይ?» ይላል። ነገር ግን የተጸጸተው ሰው ጸጸቱን ይዞ ወዴት መሄድ እንዳለበት፥ በማን ደጅ ቆሞ ምን ማለት እንደሚገባው፥ ሸክሙስ መቼና በማን እጅ እንደሚወርድለት ሲጠየቅና ሲመለስ አይሰማም። ስለዚህ በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ ነገሩ ጎልቶ የሚታይበትን አንድ ሁኔታ መርጬ፥ በመኪና አደጋ ሰው የገደለን ሹፌር ጉዳይ ላነሣ ወደድሁ። በአገራችን መንገዶች ላይ በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠር ሰው ይሞታል፤ ለእያንዳንዱ ሟች የሚያለቅስ ቤተ ሰብ እንዳለ ሁሉ፥ በዚያች ሰዓት መሪውን ጨብጦ የነበረ አንድ ሰውም አለ፤ ስለዚህ ሰው ግን ከፖሊስ መዝገብና ከፍርድ ቤት ውሳኔ ውጪ የሚጻፍ ነገር እምብዛም የለም።

አደጋው የሚደርሰው በቅጽበት ነው። በገበያ ቀን፥ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ባዘነበለችበት ሰዓት፥ እህል የጫነ መኪና ከዳገቱ ወደ ሜዳው ሲወርድ፥ ያመለጣትን ጥጃ የምታባርር አንዲት ልጅ ከቍጥቋጦው ወጥታ አስፋልቱን ልታቋርጥ ትሮጣለች፤ ፍሬኑ ይጮኻል፥ ጎማው ይንሸራተታል፥ መኪናውም ብዙ ርምጃ ዐልፎ ይቆማል። ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል፤ ሹፌሩ ግን ሁለት እጁ ከመሪው አልላቀቅ ብሎት በመስተዋቱ ወደ ኋላ ያያል፤ ከሁሉም በፊት የሚያየው በአስፋልቱ መካከል የቀረ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ ነው። ከዚያ በኋላ ኡኡታው ይነሣል፥ ሰው ከየማሳው ይሰበሰባል፤ ሹፌሩም ወይ ወርዶ ልጅቱን ያነሣል፥ ወይ የሕዝቡን ቍጣ ፈርቶ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ይነዳል፥ ወይም፥ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፥ ጨርሶ ይሰወራል። ገጭቶ ለሚሰወር ሰው ጠበቃ አልቆምለትም። ይሁን እንጂ ከሸሹት መካከል ብዙዎቹን ያስሸሻቸው የልብ ድንዳኔ ሳይሆን ድንጋጤ እንደ ሆነ፥ ድንጋጤው ካለፈም በኋላ ያ ጫማ በሌሊት በዐይናቸው ላይ እንደሚመላለስ፥ ከሹፌሮች ጋር ማዕድ የቈረሰ ሁሉ ያውቃል።

ጸጸት እንግዲህ ኅሊና የሠራነውን ሥራ በፊታችን አቁሞ «ይህ ያንተ ነው» ብሎ ሲመሰክርብን፥ ምስክርነቱን ልንክደው ባለመቻላችን የሚሰማን ሕመም ነው። ብዙ ሰዎች ከኀፍረት ጋር አንድ ያደርጉታል፤ ሁለቱ ግን ጎረቤታሞች ቢሆኑም ዘመዳሞች አይደሉም። ኀፍረት የተመልካችን ዐይን ይፈራል፥ ጸጸት የተበደለውን ሰው ያስባል፤ ኀፍረት «እኔ ምን ዐይነት ሰው ነኝ፥ ምንስ ይሉኛል» እያለ ፊቱን ሲሸፍን፥ ጸጸት «ምን አደረግሁ፥ በምንስ ልካሰው» ብሎ ይነሣል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ሔለን ብሎክ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ልዩነት በሰፊው ተናግራለች፤ እርሷን የተከተሉ ተመራማሪዎችም ኀፍረት ሰውን ወደ መደበቅና ወደ ቍጣ፥ ጸጸት ደግሞ ይቅርታ ወደ መጠየቅና የተበላሸውን ወደ ማቃናት የሚገፋ መሆኑን ጽፈዋል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። ሊጠይቅና ሊያቃና ለተነሣ ሰው መንገዱ ከተዘጋበት፥ ጸጸቱ በልቡ ውስጥ ተመልሶ ኀፍረት ይሆናል፤ ኀፍረትም ሰውን ከሰው ይለየዋል።

በዚህ ረገድ በሕማማት ሰሞን የምንሰማው የሁለቱ ደቀ መዛሙርት ታሪክ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በአንዲት ሌሊት ጴጥሮስ መምህሩን ሦስት ጊዜ ካደ፥ ይሁዳ በሠላሳ ብር ሸጠ፤ ሁለቱም ተጸጸቱ። መምህራን ስለ ይሁዳ ሲያስተምሩ ተስፋ መቍረጡን አጥብቀው ይነግሩናል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ወንጌላዊው ማቴዎስ የጻፈልን አንድ ነገር ሳናስተውለው እናልፋለን፤ ይሁዳ ገንዘቡን ይዞ ወደ ካህናት አለቆች ሄዶ ነበር፥ ንጹሕ ደም አሳልፎ በመስጠቱ መበደሉንም በአንደበቱ ተናዝዞ ነበር፤ እነርሱ ግን ነገሩ እንደማይመለከታቸው ነግረው ሸኙት። ጸጸቱን የሚቀበለው ደጅ አጣ። ጴጥሮስ በአንጻሩ መራራ ልቅሶ ካለቀሰ በኋላ ከወንድሞቹ አልተለየምና፥ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፥ ዓሣ በተጠበሰበት ፍሕም አጠገብ፥ ሦስት ጊዜ የካደው ሰው ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ መለሰ። የይሁዳን በደል ማቃለሌ አይደለም፤ ጸጸት ብቻውን ሰውን እንደማያድን፥ ጸጸቱን የሚቀበል ሌላ ሰው ሊኖር እንደሚገባ ማሳየቴ ነው።

የጥንት ሰዎች ይህን ዐውቀው ሥርዐት ሠርተውለት ነበር። በኦሪት ሰውን ሳይወድ በስሕተት ለገደለ ሰው ስድስት የመማጸኛ ከተሞች ተለይተው እንደ ነበር በዘኍልቍና በኢያሱ መጽሐፍ እናነባለን፤ በዘዳግም የተሰጠው ምሳሌ ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቈርጥ ወደ ዱር የሄደ ሰው ነው፥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ተብሎ አይገደልም፥ ምንም እንዳልሆነም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ በመማጸኛው ከተማ ይቀመጣል፥ የዘመኑ ሊቀ ካህናት ሲሞት ግን ነጻ ሆኖ ወደ ርስቱ ይገባል። ሁለት ነገር ልብ ይሏል፤ አንደኛ፥ ሳይወድ ለፈሰሰ ደም እንኳ ዝም ብሎ የሚታለፍበት ሥርዐት አልነበረም፤ ሁለተኛ፥ ለመከራው ፍጻሜ ተወስኖለት ነበር። በእኛም አገር የአክሱም ጽዮን ቅጽር ለተማጸነ ሰው መጠጊያ ሆኖ ኖሯል፤ በወሎ አበጋሮች፥ በኦሮሞ ዘንድ የጉማ ሥርዐት፥ በሸዋና በጎጃም ደም አድራቂ ሽማግሎች ለዚሁ ጉዳይ የቆሙ ናቸው።

እንዲህ ባለ ዕርቅ ላይ በሰሜን ሸዋ ገጠር አንድ ጊዜ ተገኝቻለሁ። ሽማግሎቹ ከአንድ ቄስና ከአንድ ሼህ ጋር ማልደው ከሟች ቤት ደርሰው ነበር፤ ሹፌሩ ከእነርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ፥ በባዶ እግሩ፥ ጋቢውን አደግድጎ፥ በአንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሶ ቆሟል። ቡና ተፈልቶ ቀረበላቸው፤ «እሺ ሳትሉን አንቀምስም» ብለው ሲኒዎቹን ሳይነኩ ተዉአቸው፥ ቡናውም በፊታቸው ቀዘቀዘ። አባትየው መሬት መሬት እያየ አይናገርም፤ የሟች ታላቅ ወንድም ዱላውን ተደግፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ እናት ጀርባዋን ለሰው፥ ፊቷን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀምጣለች። ከሽማግሎቹ አንጋፋው «እኅቴ፥ ስለ ወላዲተ አምላክ ብለሽ» እያለ ደጋግሞ ለመናት፤ ስለ ካሳም ተነሣ፤ እርሷ ግን የሰማችም አልመሰለችም። ከብዙ ዝምታ በኋላ፥ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፥ ማንም ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀች፦ «ሲያነሣት ነፍስ ነበራት?» አለች።

በዚያ ቤት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሹፌሩ ከድንጋዩ በታች ሆኖ፥ ድምፁ እየተቈራረጠ፥ ነፍስ እንደ ነበራት፥ ረዳቱ በጭኑ ላይ አስተኝቷት እርሱ ወደ ጤና ጣቢያ ሲነዳ ውሃ ማለቷን፥ ከንፈሯን ማራሳቸውን፥ ጤና ጣቢያው ሊደርሱ ሲሉ ዝም ማለቷን ተናገረ። እናቲቱ ያን ጊዜ ያለቀሰችው ልቅሶ ከቀብሩ ቀን ልቅሶ የተለየ ነበር፤ ልጇ ብቻዋን በመንገድ ላይ እንዳልሞተች መጀመሪያ ያወቀችው ያን ዕለት ነበርና። ፊቷን መልሳ «ድንጋዩን አውርዱለት» አለች፤ ሽማግሎቹም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው ቡናውን እንደ ቀዘቀዘ ጠጡት። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ዕርቅ በዳይን ለማሳረፍ ብቻ የሚደረግ ነገር አድርጌ አልቈጥርም። ለተበዳዩ ከበዳዩ በቀር ማንም ሊሰጠው የማይችል ነገር አለ፤ ያም እውነቱ ነው።

ዛሬ ይህ መንገድ በብዙ ቦታ እየተዘጋ መሆኑ ነው ብዕር ያስነሣኝ። የተሽከርካሪ ባለቤት የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን እንዲኖረው በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 559 ግዴታ ሆኗል፤ እጅግ የሚመሰገን ነገር ነው፥ ቀድሞ ምንም የማያገኝ የነበረ ድኻ ቤተ ሰብ ዛሬ ጥቂትም ቢሆን ያገኛልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለመኪናውን፥ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፥ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ አድርጎታል። ነገር ግን ከነዚህ መልካም ሥርዐቶች ጎን አንድ ልማድ አብሮ ገብቷል። በመድን ውሎች ዘንድ በዓለም ሁሉ እንደ ተለመደው፥ ዋስትና የገባው ሰው ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ጥፋቱን እንዳያምን፥ የተስፋ ቃልም እንዳይሰጥ የሚከለክል አንቀጽ አለ፤ ባለመኪናው ይህን ሰምቶ ሹፌሩን «እንዳትሄድ፥ ከሄድህ አምነሃል ይባላል» ይለዋል፤ ጠበቃውም ያንኑ ይደግማል። ገንዘቡ ከቢሮ ወጥቶ በወረቀት ወደ ሟች ቤት ይሄዳል፤ ሹፌሩ ወደ ወኅኒ ወይም ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል፤ ሁለቱ ዳግመኛ አይተያዩም። ያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ አንዳንዶች ይህን እንደ ንፉግነት ያዩታል፤ እኔ ግን ሕግ አውጪው የልብን ስብራት በብር ለመመዘን እንዳልደፈረ አድርጌ አነበዋለሁ። ብር የማይመዝነውን ነገር የሚመዝን ሌላ መንገድ ካልተውንለት ግን ውሳኔው ባዶ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ እንቅፋት ተሰናክለው መፍትሔ ሽተውለታል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት አንዲት ልጅ በቢስክሌት ስትሄድ በመኪና ተገጭታ ሞተች፤ የገጫት ሹፌር ግን አንድም ቀን አዝናለሁ ብሎ አልመጣም። አባቷ በግዛቲቱ ምክር ቤት የሕግ መወሰኛ አባል ነበርና ሹፌሩ ዝም ያለው ቃሉ በፍርድ ቤት እንዳይጠቀስበት ፈርቶ እንደ ሆነ ተረዳ፤ ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1986 በአደጋ ለተጎዳ ሰው ወይም ለቤተ ሰቡ የተነገረ የኀዘንና የርኅራኄ ቃል የጥፋት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ የሚከለክል ሕግ በዚያ ግዛት ወጣ። ከእርሱ በኋላ ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ተከተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር የወጣ ሕግም ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ጥፋትን እንደ ማመን እንደማይቈጠር ደነገገ። እነዚህ አገሮች ሽማግሌ የላቸውም፥ በአንገት የሚሸከሙት ድንጋይም የላቸውም፤ በሕግ አንቀጽ ሊመልሱ የሞከሩት እኛ በእጃችን ይዘን እየጣልነው ያለውን ነገር ነው።

የራሳችን የወንጀል ሕግ ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቅጣት ከሚቀነስባቸው ምክንያቶች አንዱን በአንቀጽ 82 ሲዘረዝር፥ ጥፋተኛው ከድርጊቱ በኋላ በእውነት መጸጸቱን፥ ይልቁንም የተጎዳውን ሰው በመርዳት፥ ጥፋቱን በማመን፥ ራሱን ለሥልጣን አካል በማቅረብ ወይም ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን በመካስ ያሳየ እንደ ሆነ ይላል። እነሆ፥ ሕግ አውጪው ጸጸትን በልብ ውስጥ አልፈለገውም፤ በእጅና በእግር ፈለገው። ያው ሕግ በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል ሲናገር ሐኪምና ሹፌርን በአንድነት ጠቅሶ፥ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለባቸው ናቸውና ከሌላው ይልቅ ከፍ ያለ ቅጣት ወስኖባቸዋል። በአንድ እጁ እንዲህ የሚያጠብቅ ሕግ በሌላው እጁ ለተጸጸተ ሰው በር ሲከፍት፥ የመድን ውል ያንኑ በር መዝጋቱ እንዴት ዝም ተብሎ እንደሚታይ አይገባኝም።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፥ ልሸሸውም አልወድም። ሽምግልና አንዳንድ ጊዜ የድኻን አፍ መዝጊያ ሆኗል፤ ባለጸጋው ባለመኪና ሽማግሌ ልኮ፥ ያዘነችውን እናት በአማላጅ ብዛት አስጨንቆ፥ ምስክሮቹን አባብሎ፥ ነገሩን በጥቂት ብር ያዳፍናል። ይህ ዕርቅ አይደለም፥ ሁለተኛ በደል ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል በመንግሥት የሚከሰስ ወንጀል ነውና የቤተ ሰብ ይቅርታ ክሱን አያስቀረውም፥ ሊያስቀረውም አይገባም፤ ሰክሮ የነዳ፥ ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ የጫነ፥ ሰው አሳፍሮ የተሽቀዳደመ ሹፌር ቢታረቅም ቅጣቱን ይቀበል። ሽማግሎችም ምስክር እንዲሸሽ ወይም ክስ እንዲነሣ ከጠየቁ ሽማግሌነታቸው ያበቃል። ወደ ኀዘንተኛው ደጅ የሚሄድ ሰው ሊሰጥ እንጂ ሊወስድ መሄድ የለበትም፤ ይቅርታ ቢከለከል እንኳ፥ እናቲቱ ፊቷን ሳትመልስ ብትቀር እንኳ፥ ተመልሶ የመሄድ ግዴታው የእርሱ ነው፥ ይቅር የማለት ግዴታ ግን በእርሷ ላይ የለም።

አሁን ደግሞ ምንም ያላጠፋውን ሰው እናስብ። በልኩ እየነዳ፥ ፍሬኑ ደኅና፥ ዐይኑ መንገዱ ላይ ሆኖ ሳለ ልጅ ዘልላ የገባችበት ሹፌር አለ፤ ፖሊስ መርምሮ ይለቀዋል፥ ባልንጀሮቹም «አንተ ምን አጠፋህ፥ ቀኗ ደርሶ ነው» ይሉታል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባቀረበው ጽሑፍ ይህንኑ የጭነት መኪና ሹፌር ምሳሌ አንሥቶ፥ ይህ ሰው የሚሰማው ነገር ከመንገድ ዳር ቆሞ አደጋውን ካየ ሰው ስሜት እጅግ የተለየ መሆኑን፥ እኛ ልናጽናናው ቢገባንም እርሱ ፈጥኖ የተጽናና እንደ ሆነ ግን አንዳች ነገር የጎደለው ሆኖ እንደሚታየን ተናግሯል። እውነት ነው። ይህ ሹፌር ንስሐ የሚገባበት ኃጢአት የለውም፤ የሚያለቅሰው ኀዘን ግን አለው፥ ኀዘኑም የእርሱ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ቀኖና ሳይሆን ልቅሶ መድረስ ነው፤ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ ማልቀስ፥ በዐርባው ቀን መገኘት፥ የሟችን ታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት ማስገባት፥ ይህም ሁሉ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ዘመድ ወግ። «አላጠፋህም» የሚለውን ቃል ከባልንጀሮቹ መቶ ጊዜ ቢሰማው አይገባውም፤ ከሟች አባት አንድ ጊዜ ቢሰማው ግን ሌላ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ጸጸት ልኩን የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ለዚህ የአእምሮ ሐኪሞችን መስማት ይገባናል። ከድባቴ ሕመም ምልክቶች አንዱ ከመጠን ያለፈ ወይም አግባብ የሌለው የጥፋተኝነት ስሜት መሆኑን ይነግሩናል፤ ሰውየው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፥ ከሚወደው ነገር ሁሉ ከራቀ፥ ስለ አደጋው ብቻ ሳይሆን በዓለም ላይ ስለሚሆነው ክፉ ነገር ሁሉ ራሱን መክሰስ ከጀመረ፥ መሞትንም ማሰብ ከያዘ፥ ይህ የኅሊና ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ሕመም ሆኗል። እንዲህ ያለውን ሰው በስግደት ላይ ስግደት፥ በጾም ላይ ጾም ማሸከም መግደል ነው፤ አስተዋይ የንስሐ አባት ልጁን መርቆ ወደ ሐኪም ይልከዋል፥ አስተዋይ ሐኪምም ሰውየው የንስሐ አባቱን ማየት ሲፈልግ አይከለክለውም። አማኑኤል ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ሁሉ አብዷል የሚለው የቆየ ወሬ ስንቱን ሰው በአረቄ ቤት ጥግ እንዳስቀረው እግዚአብሔር ይወቀው።

ከካህናት አባቶቼ ጋር ደግሞ አንድ ጉዳይ ልነጋገር። ንስሐ ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ነው፤ የተናዘዘ ሰው ቀኖናውን ፈጽሞ የሥርየት ቃል ሲሰማ ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ነገር እንደ ተፈጸመለት እናምናለን። ነገር ግን ከሰው ጋር ያለውን ሳይፈጽም ወደ ካህኑ ብቻ የሮጠ ሰው ብዙ ነው። ገጭቶ ተሰውሮ፥ በሩቅ አገር ባለ ገዳም ሱባኤ ይይዛል፥ ጧፍና ዣንጥላ ይሳላል፤ የሟች ልጆች ግን አባታችንን ማን ገደለው እያሉ ያድጋሉ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለባት ቀን የገባው ቃል ስለ ጾም አልነበረም፤ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ለባለቤቱ እንደሚመልስ ነበር። የእስልምና ሊቃውንትም በዚህ ይጠነክራሉ፤ በደሉ በአላህና በባሪያው መካከል ብቻ የሆነ እንደ ሆነ መጸጸት፥ መተውና እንዳይመለሱበት መቍረጥ ለተውባ ይበቃል ይላሉ፥ የሰው ሐቅ ያለበት ግን ሐቁን መመለስ ወይም ከባለቤቱ አፉታ መጠየቅ አለበት። በእግር የገባ እሾህ ላዩ ቆዳ ስለ ሸፈነው አልወጣም፤ የንስሐ አባቶች «ሟች ቤት ደርሰሃል ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ ቀኖና ባይሰጡ፥ ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ከላይ እንዳነሣኋቸው አገሮች ያለ የይቅርታ ሕግ በእኛም ዘንድ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ የሚሠራ ሥራ አለ፤ እርሱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመድን ውል በየዓመቱ ይታደሳል፤ መድን ሰጪዎችን የሚቈጣጠረው ብሔራዊ ባንክም ሥልጣኑ አለው። በሚቀጥለው እድሳት በውሉ ውስጥ ይህን የሚመስል አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ዋስትና የገባው ሰው ወይም ሹፌሩ ለመቅበር፥ ለማስተዛዘን፥ የሟችን ወይም የተጎዳውን ቤተ ሰብ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ለመጠየቅ ቢሄድ፥ ስለ አደጋውም የሚያውቀውን እውነት ለቤተ ሰቡ ቢነግር፥ ይህ ብቻውን የገንዘብ ኃላፊነትን እንደ ማመን አይቈጠርበትም፥ የመድን መብቱንም አያሳጣውም። የመንጃ ፈቃድ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም ስለ መንገድ ምልክትና ስለ ማርሽ ሲያስተምሩ፥ ሰው የገጨ ሹፌር መጀመሪያ ማንን እንደሚያነሣ፥ ለማን እንደሚደውል፥ ከሦስት ቀን በኋላም ማንን ይዞ ወደ ማን ደጅ እንደሚሄድ ከዚያው ጋር ያስተምሩት።